የአክሲዮን ዋጋ ሊዞር ሲል የትኛውን ምልክት እንመን? አምስቱን ጎን ለጎን

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። እሱ እዚያ ሆኖ አክሲዮን ይገዛል፣ ይሸጣል። እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን፣ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቻርቱን አብሬው አያለሁ። የኒውዮርክ ገበያ በእኛ ሰዓት፣ እነሱ ጋ ብርድ ሲሆን ከቀኑ 11፡30፣ ሙቀት ሲሆን 10፡30 ይከፈታል። ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ሱቄን የሚሞላው ያኔ ነው። የሚዘጋው ከሌሊቱ 6 ወይም 5 ሰዓት ላይ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ደርቤ ነው ስልኩን የማየው።

እዚህ ነገር ውስጥ ያስገባኝ እሱ ላይ የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ለቤት ቅድመ ክፍያ ያጠራቀመውን ገንዘብ፣ የኤስ ኤንድ ፒ 500ን (የ500 ገደማ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን ዋጋ ባንድ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ነው) ጉዞ የሚከተል ፈንድ ውስጥ አስገብቶት ነበር። ገበያው ፌብሩዋሪ 19 ቀን 3,386 ላይ ዘጋ። ከዚያ ኮሮና መጣና ቁልቁል ወረደ። እሱ አልሸጠም። የ50 ቀኑ አማካይ ዋጋ ከ200 ቀኑ አማካይ በታች ሲወርድ እሸጣለሁ ብሎ አስቀድሞ ወስኗል። ትሬደሮች "የሞት መስቀል" የሚሉት ምልክት ነው። ማርች 30 ምልክቱ መጣ፣ ሸጠ። ገበያው ግን ወለሉን፣ 2,237ን፣ የነካው ማርች 23 ነበር። ከሳምንት በፊት! እሱ በሸጠበት ቀን ገበያው ወደ 2,627 ወጥቷል። ተመልሶ ለመግባት ደግሞ ተቃራኒውን፣ "የወርቅ መስቀል" የሚባለውን ጠበቀ። ያ የመጣው ጁላይ 9 ነው፣ ገበያው 3,150 አካባቢ ከደረሰ በኋላ። በርካሽ ሸጦ በውድ ገዛ። ያን ሌሊት ደውሎ "እህቴ፣ ደንቤን እኮ አልጣስኩም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልጣሰም። ያመመኝም ይሄው ነው።

ያው ምልክት ግን በሌላ ጊዜ ብዙ ሰው አድኗል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2007 ይኸው ገበያ 1,565 ላይ ጫፉን ነካ። የሞት መስቀሉ በዲሴምበር መጨረሻ መጣ፣ ዋጋው 1,480 አካባቢ ሳለ። ማርች 9 ቀን 2009 ገበያው 677 ገደማ ነበር። ምልክቱን ሰምቶ የወጣ ሰው ከግማሽ በላይ ከሆነ ውድቀት ተረፈ። በጁን 2009 የወርቁ መስቀል ሲመጣም 900 አካባቢ ላይ ተመልሶ መግባት ይችል ነበር።

ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው። የ2007ቱ ውድቀት 17 ወር ፈጀ፣ የ2020ው 33 ቀን። ዘገምተኛ ምልክት ዘገምተኛ ውድቀትን ይይዛል፣ ፈጣኑ ግን ያመልጠዋል። ስለዚህ "ትክክለኛው ምልክት የቱ ነው?" ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ ሁለት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። በቀን ስንት ደቂቃ ቻርት ማየት ትችላላችሁ? የትኛው ስህተት ይበልጥ ያንገበግባችኋል፣ ቶሎ ሸጣችሁ ዋጋው ጥሏችሁ ሲሄድ ማየት ወይስ ያገኛችሁትን ትርፍ ቁጭ ብላችሁ መመለስ? ቀድሞ የሚመጣ ምልክት ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ዘግይቶ የሚመጣው ደግሞ ያስከፍላል። ሁለቱንም የሚሸሽ ምልክት እስካሁን አላየሁም። አለኝ የሚላችሁ ሰው ካለ፣ በተለይ ቴሌግራም ላይ ሲግናል የሚሸጥ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ራቁ።

አማካይ መስመሮች

ከላይ ያያችኋቸው ናቸው። የ50 ቀን አማካይ ማለት ያለፉት 50 የመዝጊያ ዋጋዎች ተደምረው ለ50 ሲካፈሉ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። የሚዘገየውም ለዚህ ነው። ዛሬ ዋጋው ቢሰበር እንኳ 49ኙ ቀን ገና የትናንቱን ደስታ ነው የሚያወራው።

ደመወዝተኛ ከሆናችሁ፣ ቻርት የምታዩት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከሆነ፣ ገንዘቡንም ለዓመታት የምታስቀምጡት ከሆነ ይሄ ይበቃችኋል። በየቀኑ ለሚገዛና ለሚሸጥ ግን እንደ መጀመሪያ ምልክት አይሆንም። "እንግዲያው የ20 ቀኑን ልጠቀም" ትሉ ይሆናል። ይፈጥናል፣ እውነት ነው። ግን ገበያው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይሄድ እዚያው ሲዋልል በየሳምንቱ ሽጥ፣ ግዛ፣ ሽጥ ይላችኋል፣ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ብቻውን ይበላችኋል።

ማክዲ የሚባለውም የዚሁ ቤተሰብ ነው። የ12 እና የ26 ቀን አማካዮች ልዩነት ነው፣ ላዩ ላይ የ9 ቀን አማካይ ተጨምሮበት። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "አማካዩም ማክዲውም ተስማሙ" ብሎ ልቡ ይሞላል። የአንድ እናት ልጆች እኮ ናቸው። ሁለቱም አንዱን ዋጋ ነው የሚያዩት፣ እንደ ሁለት ምስክር አይቆጠሩም።

አርኤስአይ

ዌልስ ዋይልደር የሚባል ሰው በ1978 ይፋ ያደረገው መለኪያ ነው። ባለፉት 14 ቀናት ዋጋው በወጣባቸው ቀናት የወጣበትን መጠንና በወረደባቸው ቀናት የወረደበትን መጠን ያነጻጽርና ከ0 እስከ 100 ቁጥር ይሰጣል። ከ70 በላይ ሲሆን "ከመጠን በላይ ተገዝቷል"፣ ከ30 በታች ሲሆን "ከመጠን በላይ ተሸጧል" ይባላል።

ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅባት ጉድጓድ እዚህ ናት። 70ን አለፈ ብሎ ይሸጣል። የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራውን ኩባንያ፣ ኤንቪዲያን፣ ውሰዱ። ሜይ 25 ቀን 2023 በአንድ ቀን ብቻ 24 በመቶ ዘለለና 380 ዶላር ገደማ ላይ ዘጋ። አርኤስአዩ ከ70 በላይ ነበር። "በቃ፣ ጣራ ነካ" ብሎ የሸጠ ሰው፣ ከዓመት በኋላ፣ አንዱ አክሲዮን ወደ ብዙ ትናንሽ አክሲዮኖች ሳይከፋፈል በፊት፣ ከ1,000 ዶላር በላይ ሲሆን አየው። ከ70 በላይ መሆን ብዙ ጊዜ የሚናገረው ዋጋው ጉልበት እንዳለው ነው።

አርኤስአይ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው። ዋጋው አዲስ ከፍታ ሲነካ አርኤስአዩ የቀድሞ ከፍታውን መድረስ ሲያቅተው ተመልከቱ። ዳይቨርጀንስ ይሉታል፣ እኔ "ልብና እግር ተለያዩ" እላለሁ። እግሩ ይራመዳል፣ ልቡ ግን ደክሟል። በ2020ም እንዲሁ ነበር። በጃንዋሪ አርኤስአዩ ከ70 በላይ ወጣ፣ በፌብሩዋሪ ገበያው አዲስ ከፍታ ሲይዝ እሱ ወደዚያ አልተመለሰም። የአክስቴ ልጅ ይሄን ቢያይ ኖሮ ቢያንስ ጆሮውን ያቆም ነበር። ብቻውን ይሸጥበት ነበር አልልም። ዳይቨርጀንስ ወራት ሙሉ ቆይቶ ዋጋው ሳይዞር ሊቀር ይችላል፣ እኔ ራሴ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የመዘገብኳቸው ብዙዎቹ ምንም ሳያመጡ ጠፍተዋል። እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ያዙት፣ እንደ ፍርድ አትያዙት።

ከፍታና ዝቅታ

የእኔ ምርጫ ከዚህ ይጀምራል። ሐሳቡ የቻርልስ ዳው ነው፣ ዳው ጆንስ የሚባለው የአሜሪካ ገበያ መለኪያ ግማሽ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። በ1902 ነው የሞተው፣ እስከ ዛሬ ግን ከዚህ የቀለለና የጠነከረ አላገኘሁም። ወደ ላይ የሚሄድ ዋጋ ደረጃ እየሠራ ይሄዳል። አዲሱ ከፍታ ከቀድሞው ከፍታ ይበልጣል፣ ሲመለስም አዲሱ ዝቅታ ከቀድሞው ዝቅታ በላይ ይቆማል። ይሄ እስካልተበላሸ ድረስ ዋጋው አልዞረም።

በቁጥር እንየው። አንድ አክሲዮን ከ80 ዶላር ተነስቶ 100 ደረሰ እንበል። ወደ 92 ተመለሰ። ከዚያ 110 ወጣ፣ 101 ላይ ተመልሶ ቆመ። እስካሁን ጤነኛ ነው። ሦስተኛው ጉዞ ላይ 108 ሲደርስ ትንፋሽ አጠረው፣ 110ን ሳያልፍ ዞረ። የመጀመሪያው ምልክት ይሄ ነው። ገና አልተሰበረም፣ ግን ከዚህ በኋላ ዓይናችሁ ከ101 ላይ መነሳት የለበትም። 101ን አልፎ ከዚያ በታች ሲዘጋ ደረጃው ፈረሰ።

"ሲዘጋ" ያልኩት አውቄ ነው። በቀኑ መሃል 100.40 ነክቶ 103 ላይ የሚዘጋበት ጊዜ ሞልቷል። ብዙ ሰው ስቶፕ ሎሱን (ዋጋው እዚህ ሲደርስ ሽጥልኝ ብሎ አስቀድሞ የሚሰጠውን ትእዛዝ) ልክ 101 ላይ፣ ወይም ከሥሩ በጥቂት ሳንቲም ስለሚያስቀምጥ ያ ሁሉ ትእዛዝ በአንዴ ይነሳና ዋጋው ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ስቶፓችሁን ትንሽ ራቅ አድርጉት፣ ወይም የመዝጊያውን ዋጋ አይታችሁ በእጃችሁ ሽጡ።

በዚህ መንገድ ከጫፉ ወደ 9 በመቶ ገደማ ትታችሁ ነው የምትወጡት። ጫፉ ላይ ልሸጥ የሚል ሰው ይሄን አይወድም። እኔ ግን የምከፍለውን ዋጋ አስቀድሜ ማወቄን እወደዋለሁ። ድካሙ የቱ ዝቅታ እንደሚቆጠርና የቱ ተራ መንቀጥቀጥ እንደሆነ መለየቱ ላይ ነው። አክሲዮኑን ከመግዛታችሁ በፊት ወስኑት። የሳምንቱን ቻርት አይታችሁ ዋና ዋናዎቹን ዝቅታዎች ወረቀት ላይ ጻፉ። ከገዛችሁ በኋላ ከሆነ ልባችሁ የሚወደውን ዝቅታ ነው የምትመርጡት።

ቮልዩም

ቮልዩም ማለት በዚያ ቀን ስንት አክሲዮን ከእጅ ወደ እጅ እንደተላለፈ ነው። እኔ ግን የገባኝ በግ ገበያ ላይ ነው።

አጎቴ ከመሐል ሜዳ በኩል በግ እያመጣ ደብረ ብርሃን ይሸጣል። አንድ ዓመት ለፋሲካ ሰው አጥቶ እኔ ገመድ ይዤ ቆምኩለት። ሐሙስ ዕለት 9,000 ብር ስንል ሰው ትንሽ ተከራክሮ ይወስዳል። ቅዳሜ ጠዋት 11,000 ተጠራ። እኔ ደስ ብሎኛል። አጎቴ ግን የሚያየው ሰዉን ነበር። ገዢው ይመጣል፣ የበጉን ወገብ ይዳብሳል፣ ላቱን በእጁ ይመዝናል፣ "ስንት ነው?" ይላል፣ ይሰማል፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ቀጣዩም እንደዚያው። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሦስት በግ ቀርቶናል። "ልጄ፣ ጠያቂው በዛ፣ ገዢው የለም። በ10,000 ልቀቂው" አለኝ። ሸጠን ወጣን። አጠገባችን የነበረው ነጋዴ ከ11,000 ንቅንቅ አልልም አለ። 9 ሰዓት ላይ ሻይ ልጠጣ ስመለስ አሁንም እዚያው ነው። 8,000 እያለ ይለምናል። ገመዱን እጁ ላይ ጠቅልሎ ጠቅልሎ መዳፉ ቀልቷል።

ቻርት ላይም የምፈልገው ያንኑ ነው። ዋጋው አዲስ ከፍታ ይነካል፣ ከሥሩ ያለው የቮልዩም ዘንግ ግን ካለፈው ከፍታ ጊዜ አጠር ይላል። ጠያቂ አለ፣ ገዢ የለም። ሁለተኛው ምልክት ከዚህ ይብሳል። ዋጋው በሚወጣባቸው ቀናት ቮልዩሙ ትንሽ፣ በሚወርድባቸው ቀናት ትልቅ ሲሆን፣ ብዙ የያዙ ሰዎች ቀስ እያሉ እየወጡ ሊሆን ይችላል። በዓይን ማየት ካስቸገራችሁ ኦቢቪ የሚባል መስመር አለ። የወጣበትን ቀን ቮልዩም ይደምራል፣ የወረደበትን ይቀንሳል። ዋጋው ሲወጣ ይሄ መስመር ቁልቁል ካየ ተጠንቀቁ። ሦስተኛው፣ ከረጅም ጉዞ በኋላ ዋጋው በአንድ ቀን ይዘላል፣ ቮልዩሙ በወራት ያልታየ ይሆናል፣ ግን ቀኑ ሲዘጋ ዋጋው ከቀኑ ዝቅታ አጠገብ ነው። መጨረሻ የመጣው ገዢ ገብቶ አለቀ ማለት ሊሆን ይችላል።

ቮልዩምም ያታልላል። የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል ማግስት ገበያው ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው፣ ቮልዩሙ ትንሽ ቢሆን ምንም አይነግራችሁም። የማርች፣ የጁን፣ የሴፕቴምበርና የዲሴምበር ሦስተኛ ዓርብ ደግሞ የኦፕሽን ውሎች (አክሲዮንን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጡ ውሎች) የሚያልቁበት ስለሆነ ያለምክንያት ያብጣል። እነዚህን ቀናት ዝለሏቸው።

ቮልዩምን የምወደው ከሌሎቹ የተለየ ምስክር ስለሆነ ነው። አርኤስአዩም፣ አማካዩም፣ ማክዲውም ከዋጋ ነው የሚቀዱት። እሱ ብቻ ሌላ ነገር ቆጥሮ ይመጣል።

ካንድሎች

ካንድል የጃፓን የሩዝ ነጋዴዎች ትሩፋት ነው። እያንዳንዱ ካንድል መክፈቻ፣ መዝጊያ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ ያሳያል። ወፍራሙ አካል በመክፈቻና በመዝጊያ መካከል ያለው ነው፣ ቀጭኑ ክር ደግሞ እስከ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይደርሳል። ከረጅም ጉዞ በኋላ ትንሽ አካልና ወደ ላይ ረጅም ክር ያለው ካንድል ሲመጣ፣ ገዢዎች ዋጋውን ወደ ላይ ገፍተውት ሻጮች መለሱት ማለት ነው። ቀዩ (ዋጋው የወረደበት) ካንድል የትናንቱን አረንጓዴ (የወጣበትን) ሙሉ በሙሉ ሲውጠውም እንዲሁ።

ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣ ምልክት ይሄ ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚሳሳተውም ይሄው ነው። በአምስት ደቂቃ ቻርት ላይ በቀን አሥር ጊዜ ታገኙታላችሁ። የምጠቀምበት በቀን ቻርት ላይ፣ ያውም ዋጋው ከዚህ በፊት የተመለሰበት ቦታ አካባቢ ሲታይ ብቻ ነው። ሙሉ ቀን ስክሪን ላይ ለሚውል ሰው ይሆናል። እኔ ተማሪ ጥያቄ ወረቀት ኮፒ አድርጊልኝ ሲለኝ ትቼው ስለምነሳ ለእኔ አይሆንም።

የቱን ልምረጥ ለሚል

በሳምንት አንዴ የምታዩ፣ የረጅም ጊዜ ባለቤት ከሆናችሁ የ50 እና የ200 ቀን አማካዮችን ያዙ። እንደ 2020 ዓይነቱ ፈጣን ውድቀት እንደሚያመልጣችሁ ግን አውቃችሁ ግቡ። በየቀኑ ማታ ግማሽ ሰዓት ካላችሁ፣ አክሲዮን ለሳምንታት የምትይዙ ከሆነ፣ ከፍታና ዝቅታን ከቮልዩም ጋር አጣምሩ። የእኔ ምርጫ ይሄ ነው፣ ለአክስቴ ልጅም የነገርኩት ይሄንኑ ነው። አርኤስአይን ለማንቂያ ብቻ ጨምሩበት። ካንድልን ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ተዉለት።

አሸጣጡም እንደ ምልክቱ ደረጃ በደረጃ ይሁን። በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው የከባድ መኪና ሾፌሮችን አይቷል። ከዋሻው ሲወጡ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል፣ ቁልቁለቱ አይታይም። ሾፌሩ ግን ማርሹን የሚቀንሰው እዚያው ላይ ነው፣ ፍሬኑ ሳይግል። እኔም ከፍታው ካለፈው ካነሰና ቮልዩሙም ከከዳ ሲሶውን ወይም ግማሹን ሽጡ እላለሁ። ቀሪውን ዝቅታው ተሰብሮ ሲዘጋ። ዋጋው ተመልሶ ቢወጣ ግማሹ በእጃችሁ ነው፣ ቢወድቅም ግማሹን አድናችኋል።

አንድ ነገር እነዚህን ሁሉ ያፈርሳል። የአሜሪካ ኩባንያዎች በየሩብ ዓመቱ የሥራ ውጤታቸውን ያወጣሉ፣ ብዙውን ጊዜ ገበያው ከተዘጋ በኋላ ወይም ከመከፈቱ በፊት። መጥፎ ዜና ከሆነ አክሲዮኑ በማግስቱ ከ105 ሳይሆን ከ85 ሊከፍት ይችላል። 101 ላይ ያስቀመጣችሁት ስቶፕ ሎስ የሚሸጠው በ101 አይደለም፣ ገበያው በሚሰጠው ዋጋ ነው። ስለዚህ የሪፖርቱን ቀን እወቁ። ከዚያ በፊት ምልክቶቹ ካስጠነቀቋችሁ ያዳነ እግዚአብሔር ብላችሁ ቀንሱ።

የእኛ አገር አክሲዮን የያዛችሁም ትጠይቁኛላችሁ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። እነዚህን ምልክቶች ግን እዚያ ላይ ለመጫን አትቸኩሉ። ለብዙ ቀን ጥቂት አክሲዮን ብቻ በሚገበያይበት ቦታ አንድ ሰው ቸኩሎ ሲሸጥ ዋጋው ይወርዳል፣ እሱ ደግሞ የገበያ መዞር አይደለም። እዚያ የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት፣ የትርፍ ድርሻውንና ያልተመለሰ ብድሩን ማየት ይሻላል። የሚያገበያያችሁ ድርጅት ፈቃድ እንዳለውም ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አጣሩ።

የመረጣችሁትን ምልክት በገንዘብ ከመሞከራችሁ በፊት በወረቀት ሞክሩት። የድሮ ቻርት ክፈቱ፣ የቀኝ ጎኑን በካርቶን ሸፍኑት፣ አንድ አንድ ቀን እየገለጣችሁ ሂዱ። "እዚህ እሸጣለሁ" ያላችሁበትን ቀንና ዋጋ ጻፉ፣ ከዚያ ካርቶኑን ግለጡ። እኔ የሰላሳ ሁለት ገጽ ደብተር አንድ ሙሉ ጨርሻለሁ። የሚወርደውን ብቻ ሳይሆን ወጥቶ የሄደውንም ቻርት ቀላቅሉ፣ አለዚያ ራሳችሁን ታታልላላችሁ። ሃምሳ ጊዜ ካደረጋችሁ በኋላ ስንቱ እንደሠራ፣ ስንቱ ቶሎ እንዳስወጣችሁ፣ ስንቱ እንደዘገየ ቁጠሩና ለይታችሁ ጻፉት።